ሁለተኛ እጅ

መስከረም ሲገባደድ፣ ዝናቡ ሲሳሳ፣
የቤቴ ግድግዳ፣ በሐይቁ በኩል ያለው፣ ሕመሙ ተነሣ።
ሌሎቹ ሦስቱማ ምንም የለባቸው፤
ጎረቤት ከልሎ፣ ሙዝ ጥላውን ጥሎ፣ ክረምት ረሳቸው።
ይሄኛው ብቻውን ውሃ ሲመለከት፣
ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ነፋስ ሲልሰው፣ እርጥበት ሲያድርበት፣
ቀለሙ ውሃ ይቋጥራል፣ እንደ ተቃጠለ ጣት፤
በጥፍር ስነካው ይፈርሳል፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት።

ዳካሞን እጠራለሁ።

መሰላሉን በትከሻ፣ ባልዲውን በክንዱ፣
ከአሞራ ገደል በኩል ብቅ ይላል በመንገዱ፤
ሱሪው ላይ ግማሽ ሐዋሳ ተንጠባጥቦ፣
የባንኩ ቢጫ፣ የክሊኒኩ ሰማያዊ፣ የአንዲት ሙሽራ ቤት ሮዝ ተደራርቦ።
ሰላምታው ለእኔ አይደለም።
ቀጥ ብሎ ሄዶ ጉንጩን ከግድግዳው ያስጠጋል፣
ዓይኑን ጨፍኖ፣ የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ያዳምጣል።
«ገና ነው» ይላል። «ሆዱ ውስጥ ውሃ አለበት።»
«ፀሐይ ወጣች እኮ!»
«ለአንተ ወጣች። ለእሱ ትንሽ ቀን ጨምርለት።»

አንድ ዓመት አልሰማሁትም። ነሐሴ መሐል ሦስት ቀን ቢያበራ፣
ፈጣን ልጅ አስመጣሁ፣ ስልኩን እያዘፈነ በአንድ ቀን የሚሠራ።
ማታ አማረብኝ። ሌሊት ከሐይቁ ትንኝ መጣ፣
እርጥቡ ላይ ተለጠፈ፤ ሲነጋ ግድግዳዬ ጢም አወጣ።
እስከ ኅዳር ታገሠኝ። ከዚያ እንደ እባብ ቆዳውን ጣለ፤
መላጣው አባ ኮዳ አጥሬ ላይ ቆሞ፣
ዘመዱን እንዳገኘ ሰው፣ አየት አርጎት ዝም አለ።
ዳካሞም በዚያ ሲያልፍ አየው።
«ነግሬህ ነበር» ቢለኝ ምን ነበረበት!
«ለከርሞ ያድርሰን» ብሎኝ ሄደ፤
እስከ ዛሬ የሚያሳክከኝ ይቺ ናት።

ዘንድሮ ጥቅምት አጋማሽ መጣ።
ጉንጩን አስጠጋ። ቆየ። ቆየ።
«ደርቋል» አለ።
ፋቅነው። ሻጋታውን በበረኪና አጠብነው፤
ሁለት ቀን ጠብቀን በብርጭቆ ወረቀት አሸነው።
ከስንጥቁ ሥር የአባቴ አረንጓዴ ለአፍታ ብቅ አለ፣
ያ መዝጊያውም አጥሩም ወንበሩም ላይ የነበረው፣
ተርፎኝ ነው እያለ የቀባው።
ዳካሞ ስቱኮውን ላዩ ላይ ሳበው፤
እኔም አላስቆምኩትም።

አንደኛውን እጅ ከአሸንዳው ሥር ጀመረ።
እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ሮለሩ ከመሐል እየቆመ፣
ግራ እጁ ቀኝ ክንዱን ከሥር እየደገፈ፣
እኔም እንዳላየ ሰው ባልዲ ሳማስል፣ በጭንቅ አለፈ።
ወርዶ በተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀመጠ።
«ትከሻዬም ውሃ ሳይገባበት አልቀረም» አለ፣ ሐይቁን እያየ።
«ሁለተኛው እጅ የአንተ ነው።»

ሁለተኛ እጅ።
ስንት ዓመት ተከራከርኩባት ይቺን ቃል፣
«አንድ እጅ መች አነሰው?» እያልኩ፣ ብር ላተርፍ፤
ቁጥር ትመስለኝ ነበር።

ወጣሁ። መሰላሉ ከእኔ ይልቅ እሱን ያውቃል፤ ተንቀጠቀጠብኝ።
«አትጫነው! ለምነው እንጂ አትዘዘው።
እርጥቡን ጫፍ ሳይደርቅ ድረስበት።
እ... እዚያ ዘለልክ። አዎ፣ እዚያ።»
ከላይ ሆኜ ሐይቁን አየሁት፤
ጀልባ ሲመለስ፣ ታቦር ከኋላዬ፣
ሐይቁም ምንም እንዳላደረገ ሰው ተኝቶ።

ስጨርስ ፀሐይ ልትገባ ነው።
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወርጄ ዓይኔን ጨፈንኩ፣
እንደ እሱ ልሰማ ብዬ ጉንጬን አስጠጋሁ።
እርጥብ ነው ለካ!
ዳካሞ ሳቀ። በአሥራ አራት ዓመት ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤
አመመውና ትከሻውን ይዞ ደግሞ ሳቀ።
ግማሽ ፊቴ ነጭ ሆኖ ሮለሩን ላነሣ ስል፣
«ተወው» አለ፣ «እሱን አትድገመው።»

አለ እስካሁን፣ ከመስኮቱ በስተግራ፣
ጆሮ የሌለው ግማሽ ፊት።
እህቴ ከሻሸመኔ አማቾቿን ይዛ መጥታ
«ምን ነክቶት ነው?» ብትለኝ፣
«ሐይቁ» አልኳት።